ፔይሮል ላይ ቁጭ ብዬ ያነበብኩት የሞቲቬሽን ምክር

ባለፈው ሳምንት የመስሪያ ቤታችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስራ አስኪያጃችን አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለጠፉልን፣ ከስሩ "ሁላችሁም አንብቡት፣ ይጠቅማችኋል" የሚል አለበት። የጻፉት አንድ የማኔጅመንት አማካሪ ናቸው። ሰራተኛ እንዴት ይነቃቃል፣ እንዴትስ ስራውን ከልቡ ይሰራል ነው ነገሩ፣ ሰባት ነጥብ አለው፦ ደሞዝ ሰው አያነቃቃም፣ ቦነስ ጭራሽ ያበላሻል፣ ቲም ቢልዲንግ ውጡ፣ የወሩ ምርጥ ሰራተኛ ሸልሙ፣ ሰራተኛችሁን ቤተሰብ አድርጉት፣ ሰው የሚለቀው ማናጀሩን እንጂ ድርጅቱን አይደለም፣ አስተያየት ሰብስቡ። በቃ ይሄው ነው። ግሩፑ ላይ ያለው ሰው ሁላ አውራ ጣት አደረገበት፣ እኔም አደረግኩ፣ አለቃ ለጥፎት ምን ሊባል ነው።

ማታ ግን ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ደግሜ ሳነበው አንገበገበኝ። አንዳንዱ ነጥብ እውነት አለው፣ እሱን አልክድም፣ ግን ሲጠቃለል ጥፋቱ ሁሉ ሰራተኛው ልብ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል፣ ሰውዬው እንደቀዘቀዘ ሻይ እንደገና ይሙቅ ነው ነገሩ። ማን እንዳቀዘቀዘው የሚጠይቅ መስመር ፈልጌ አጣሁ።

እኔ ፔይሮል ሰራተኛ ነኝ። ሜክሲኮና ስታዲየም መሃል ካለ ፎቅ ላይ፣ አስመጪ ድርጅት ውስጥ፣ 11 ዓመት ሙሉ በየወሩ የሰው ደሞዝ ስሰራ ኖሬያለሁ። ማን ስንት እንደሚያገኝ፣ ማን ከብድርና ቁጠባ ተበድሮ እንደሚቆረጥበት፣ ማን በፍርድ ቤት ትእዛዝ የልጅ ቀለብ እንደሚከፍል፣ ማን ሊለቅ ክሊራንስ ሲያስፈርም እኔ ዴስክ ጋ ቆሞ ምን ብሎ እንደወጣ አውቃለሁ። አላወራም ግን አውቃለሁ። አማካሪ የሚባል ሰው ይሄን አያይም፣ እሱ የሚገባው በፊት ለፊት በር ስላይዱን ይዞ ማኪያቶ ቀርቦለት ነው፣ ሰራተኛውም አለቃው አጠገቡ ተቀምጦ "አዎ ጥሩ ነው" ይለዋል።

እንግዲህ ወደ ነጥቦቹ።

"ጥናት እንዳረጋገጠው ደሞዝ ሰራተኛን አያነቃቃም" ብለው ነው የጀመሩት። የማን ጥናት እንደሆነ አልጻፉም፣ ግን እኔም ማታ ስማር ማኔጅመንት ኮርስ ወስጃለሁና አወቅኩት፣ የኸርዝበርግ ነው። ፍሬደሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፒትስበርግ አካባቢ 200 የሚሆኑ ኢንጂነሮችና አካውንታንቶችን ጠየቀ፣ በስራህ በጣም የተደሰትክበትን ጊዜ ንገረኝ፣ በጣም የከፋህንም ንገረኝ እያለ። ውጤቱ በፈረንጅ 1959 ወጣ። ደስ ያላቸውን ሲናገሩ የሰሩትን ስራ፣ የተሳካላቸውን ነገር፣ መመስገናቸውን፣ ኃላፊነት ማግኘታቸውን ያነሳሉ፣ የከፋቸውን ሲናገሩ ግን የድርጅቱን አሰራር፣ የአለቃውን ቁጥጥር፣ ደሞዙን፣ የስራ ቦታውን። ሰውዬው ይሄን ሁለተኛውን ሃይጂን አለው፣ ንጽህና እንደማለት። ንጹህ ውሃ ስለጠጣህ ጎበዝ ሯጭ አትሆንም፣ ቆሻሻ ውሃ ከጠጣህ ግን አልጋ ላይ ትውላለህ።

እና ጸሐፊው ከዚህ ግማሹን ብቻ ቆርጠው ነው ያመጡልን። "ደሞዝ አያነቃቃም" የሚለውን ወሰዱ፣ "ሲጎድል ያሳምማል" የሚለውን እዛው ተዉት። አለቃ ደግሞ የትኛውን ግማሽ እንደሚወድ ግልጽ ነው።

ደግሞ ከማን ጋር እያወዳደርን እንደሆነ እንይ እስኪ። እኛ ጋ 12 ሺህ ብር ያልተጣራ ደሞዝ ያለው ሰው በአሁኑ ስሌት 2,250 ብር ግብር፣ 840 ብር ጡረታ (7 ፐርሰንቱ የሱ ነው፣ 11ዱን ድርጅቱ ይከፍላል) ተቆርጦበት 8,910 ብር እጁ ይገባል። ከዛ ላይ የቤት ኪራይ፣ የታክሲ፣ የልጅ ትምህርት ቤት። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በአጭር ጊዜ ከ100 ብር በላይ ሲሄድ የዚህ ሰው ደሞዝ ያው 12 ሺህ ነበር፣ የኛ ድርጅት ግን የእቃ ዋጋውን በዛው ሳምንት አስተካክሏል። ለደንበኛ የተላከውን አዲስ የዋጋ ዝርዝር ፕሪንት ያደረገው ራሱ ሰራተኛው ነው እኮ። ከዛ በኋላ "ደሞዝ አያነቃቃህም" ስትለው ምን ይበልህ?

አንድ ነገር ግን ላውራችሁ፣ ምክንያቱም የብሩ መጠን ብቻ አይደለም ጉዳዩ፣ እኔም 11 ዓመት ቁጭ ብዬ ቀስ እያለ ነው የገባኝ።

የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ግብር የማይነካው ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ ደረጃዎቹም ተቀየሩ። 12 ሺህ ብር ያለው ሰው በድሮው 2,700 ብር ነበር የሚቆረጥበት፣ በአዲሱ 2,250፣ ስለዚህ በወር 450 ብር እጁ ላይ ተረፈችው። እኔ ለማናጅመንት ኢሜል ጻፍኩ፣ ለሰራተኛው እናስታውቅ፣ አጭር ማስታወቂያ አዘጋጅቻለሁ ብዬ። መልስ የለም። ደሞዙ ገባ።

በነጋታው የስቶር ሰራተኛችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ሊፍቱ ስለተበላሸ አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው ስራ አስኪያጁ ቢሮ ገቡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው "እግዜር ይስጥልን፣ ስለጭማሪው ላመሰግን ነው የመጣሁት" አሉ። ስራ አስኪያጁም "እናንተን እያሰብን ነው ጋሼ፣ ብቻ በርቱ" አሉ። በሩ ክፍት ነበር፣ እኔ ዴስኬ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ከዛ ጋሼ ወደኔ መጡ፣ ደስ ብሏቸዋል፣ "ልጄ፣ ጭማሪው ለሁሉም ነው እንዴ?" አሉኝ። እኔ እንግዲህ ምን ልበል? ፔይስሊፑን አውጥቼ የግብሩን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው። "ጋሼ፣ ጭማሪ አይደለም እኮ፣ ግብሩ ነው የተቀነሰልዎት" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "እና ታዲያ ለምን እሺ አሉኝ?" አሉ። ወረቀቱን አጣጥፈው ሸሚዛቸው ኪስ ከተው ወረዱ።

ይሄ እንግዲህ የትኛው ነጥብ ውስጥ ይገባል? ጋሼ 450 ብር አልቀነሰባቸውም፣ እንደውም ጨምሮላቸዋል። ያጡት ሌላ ነገር ነው። ፔይስሊፕ ማለት ድርጅቱ በየወሩ ለሰራተኛው የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፣ ሌላ ደብዳቤማ መቼ ይደርሰዋል፣ ማስጠንቀቂያ ካልሆነ በቀር። ሰውም በደንብ ያነበዋል፣ ከኮንትራቱም ከራዕይና ተልእኮውም በላይ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ። ኦቨርታይሜ የት አለ፣ ይቺ 180 ብር የምን ናት፣ ባለፈው ወር ያልሆነች ለምን መጣች። ጥያቄውን የሚያስረዳው ሰው ካገኘ በትንሹም ደሞዝ ይሰራል፣ ካላገኘ ወይ ከተዋሸ ግን 30 ሺህ ብትከፍለውም ዓይኑ በር በር ነው የሚያየው። እኔ ያየሁት እንደዚህ ነው።

የመክፈያ ቀንም እንደዛው። እኛ ቢሮ 15 ሰው ያለበት ዕቁብ አለ፣ ሰብሳቢዋ የሽያጭ ክፍል ልጅ ናት፣ የሚጣለው በ28 ነው ምክንያቱም ደሞዝ የሚገባው በ28 ነው። ባለፈው ዓመት አንዴ ደሞዝ 6 ቀን ዘገየ፣ "ከባንክ ጋር ያለ ጉዳይ" ተባለ፣ ዕቁቡ የደረሳት ልጅ የቤት ኪራይ የስድስት ወር ቅድሚያ ልትከፍል ነበር፣ አከራይዋ ቤቱን ለሌላ ሰጠባት። ድርጅቱ ይሄን አያውቅም። ድርጅቱ የሚያውቀው በዛን ወር "የሽያጭ ክፍሉ ሞራል ወርዷል" የሚለውን ሪፖርት ነው።

ስለ ቦነስ። ጸሐፊው "ቦነስ የውስጥ ፍላጎትን ይገድላል" ብለዋል፣ ይሄም መነሻ አለው፣ የአሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት የኤድዋርድ ዴሲ ሙከራ ነው፣ በፈረንጅ 1971 የወጣ። የዩኒቨርስቲ ተማሪዎችን ሶማ የሚባል የኩብ እንቆቅልሽ እንዲገጣጥሙ አደረገ፣ ግማሾቹን ለፈቱት ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ዶላር ከፈላቸው፣ በሚቀጥለው ቀን ክፍያው ሲቀር የተከፈላቸው ልጆች በትርፍ ጊዜያቸው እንቆቅልሹን የመነካካት ፍላጎታቸው ቀንሶ ተገኘ። ጥሩ ሙከራ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ከመጀመሪያው ጨዋታ የሆነ፣ ሰው በነጻም የሚሰራው ነገር ላይ ነው የተሞከረው። የኛ ሰው ቫውቸር ማስገባትን እንደጨዋታ አይቶት አያውቅም፣ ቅዳሜ ከሰዓት ለመዝናናት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን የሚሞላ ትራንዚተር አሳዩኝና እኔም አምናለሁ።

የኛ ቦነስ ችግሩ ሌላ ነው። ማን እንደሚያገኝ፣ በምን እንደሚለካ አይታወቅም። አምና አንድ ሹፌር ቦነስ ደርሶት "በምን ምክንያት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም አላውቅም፣ ሊስቱ ከላይ ተፈርሞ ነው የመጣው። ያገኘው ሰው ለምን እንዳገኘ ካላወቀ ከርሞስ ምኑን ይድገመው? ያላገኘው ደግሞ የራሱን ምክንያት ይፈጥራል፣ የሚፈጥረው ምክንያት ደግሞ መቼም ለድርጅቱ ጥሩ ሆኖ አያውቅም፣ ዘመድ ስላልሆንኩ ነው፣ ያገራቸው ልጅ ስላልሆንኩ ነው፣ ምናምን። ስለዚህ ቦነሱ ሰው አላበላሸም፣ የተደበቀው መስፈርት ነው ያበላሸው።

ቲም ቢልዲንግ። እዚህ ጋ ሳቄ መጣ። ጸሐፊው "ቅዳሜና እሁድን ተጠቅማችሁ ከከተማ ወጣ በሉ" ይላሉ። የማንን ቅዳሜና እሁድ? የአዲስ አበባ ሰራተኛ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ይሰራል፣ ከሰዓት ገበያ አለ፣ ልብስ አጠባ አለ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ እድር፣ ለቅሶ፣ የታመመ ጥየቃ፣ ከቀረችው ሰዓት ላይ ትንሽ እንቅልፍ። ያንን ቀን ወስደህ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ገመድ ጉተታ ታስጎትተዋለህ፣ የድርጅቱ አርማ ያለበት ቲሸርት አልብሰህ፣ ከዛ ፎቶ። ሁለት ልጅ ያላት እናት ልጆቿን ማን ጋ ትተው? ባለፈው ጉዞ ላይ አንዷ ባልደረባችን ቀኑን ሙሉ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ነበር የዋለችው፣ ፎቶው ላይ ግን ስቃለች።

ደግሞ ቲም ያልተገነባ ይመስል። እኛ ቢሮ ውስጥ ዕቁብ አለ፣ ከስራ በኋላ ተሰብስቦ ለቅሶ መድረስ አለ፣ የወለደች ስትኖር ገንፎ መብላት የሚሄደው ሰው ሚኒባስ ሙሉ ነው፣ ከሰዓት የቡና መዋጮ አለ። አባቴ ሲያርፍ ከመስሪያ ቤት 40 ሰው መጥቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል፣ ያኔ ማንም ቲሸርት አላደለም። ድርጅቱ ቲም መስራት ከፈለገ ለቀብር የሚሄደውን ሰው ግማሽ ቀን ከዓመት ፈቃዱ አይቁረጥበት፣ መኪና ይስጠው፣ አለቀ። የሰዓት መቆጣጠሪያዋ አሻራ ማሽን ግን ለቅሶ የሚባል ነገር አታውቅም።

የወሩ ምርጥ ሰራተኛ የሚለውን ብዙ አልከራከርም። ምስጋና ይሰራል። ግን ሪሴፕሽን ላይ የሚሰቀል ፎቶ አይደለም የሚሰራው፣ እሱ ተራ ሆኗል፣ በየወሩ ከየክፍሉ በየተራ ነው የሚሰቀለው፣ መስከረም ላይ የማን ተራ እንደሆነ አሁኑኑ ልነግራችሁ እችላለሁ። የሚሰራው ምን እንደሆነ የምታውቁት እናንተም ናችሁ፣ አንዴ የድሮ ፋይናንስ ኃላፊያችን ዴስኬ ጋ ቆመው "የጡረታ መዋጮው ላይ ያገኘሻት ስህተት ቅጣት አስቀርታልናለች፣ እንዴት አየሻት?" አሉኝ። እንዴት አየሻት ያሉት ነገር ነው። አስር ደቂቃ ቆመው ሳስረዳቸው ሰሙኝ። ይሄው ስንት ዓመቱ፣ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፣ "ሰራተኛዎን የቤተሰብ አባል ያድርጉት"።

ቤተሰብ የሚለው ቃል እኛ ቢሮ የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ 30 የበጀት መዝጊያ ስለሆነ ቆጠራ አለ፣ ስቶር ውስጥ ያለ እቃ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ሰው እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ያኔ ነው "እኛ እኮ ቤተሰብ ነን፣ ትንሽ እንረዳዳ" የሚባለው። ሐምሌ ላይ ኦቨርታይሙን ፎርም ሞልተህ ስታመጣ ግን ቤተሰብነቱ ያበቃና "አስቀድሞ በጽሑፍ አልተፈቀደም" ይባላል።

የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ቤተሰብ የሚል ቃል ሳይጠቀም የተሻለ ነገር ጽፏል። መደበኛ ስራ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ ከሆነ አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን እጥፍ፣ በህዝብ በዓል ሁለት ተኩል። እስቲ ለዛው 12 ሺህ ብር ላለው ሰው ላስላው፣ በወር 208 ሰዓት ብዬ ስካፍለው ሰዓቱ 57 ብር ከ69 ሳንቲም ነው፣ ለሁለት ሳምንት በሳምንት አራት ማታ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢቆይ 24 ሰዓት፣ በአንድ ተኩል ሲባዛ 2,077 ብር ገደማ፣ ከግብር በፊት። ይሄ ለድርጅቱ ምንድነው? ከአንድ ኮንቴይነር የወደብ ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ለሰውዬው ግን በዛን ሰዓት ታክሲ ስለማይገኝ በራይድ ለሄደበት፣ ልጁ ተኝቶ ለደረሰበት ማታ ሁሉ ዋጋው ነው። ያቺን ብር አስቀርተህ በምትኩ "ቤተሰብ" ስትለው ሰውዬው ሒሳብ ይችላል እኮ፣ ግማሾቻችን አካውንታንት ነን!

የዓመት ፈቃድም ያው ነው። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን፣ ከዛ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል ይላል አዋጁ፣ እኛ ጋ ግን ፈቃድ ስትጠይቅ አለቃው ፊቱን ያጠቁራል፣ ጥፋት የሰራህ ያህል ትሽቆጠቆጣለህ። እናት ቤት እንኳን እንደዚህ አይለመንም።

ስድስተኛው ነጥብ፣ "ሰው ማናጀሩን እንጂ ድርጅቱን አይለቅም"። ይቺ አባባል በየስልጠናው ትዞራለች፣ ስትሰማትም ደስ ትላለች፣ ምክንያቱም ሁላችንም አንድ የምንጠላው አለቃ ነበረን። እውነትም አላት። ግን ክሊራንስ ፎርም ላይ እኔ ጋ የሚመጣው ሰው የሚነግረኝ ምክንያት ብዙ ጊዜ መንገድ ነው። መንገድ ስል የእድገት መንገድ አይደለም፣ የታክሲ መንገድ።

መዝገብ ቤት የምትሰራ ልጅ አለች። ካዛንቺስ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ጠዋት በእግሯ በመስቀል አደባባይ አድርጋ 20 ደቂቃ ሳይሞላ ቢሮ ትደርስ ነበር፣ ከሁላችንም ቀድማ ገብታ መስኮት የምትከፍተው እሷ ነበረች። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ቤተሰቧ ገላን ጉራ ደረሳቸው። አሁን ከዛ እስከ ቃሊቲ ታክሲ፣ ከቃሊቲ እስከ ስታዲየም ባቡር፣ ባቡሩ ሞልቶ ካለፋት ደግሞ ቀጣዩን መጠበቅ ነው። መግቢያ ሰዓታችን 2:30 ነው፣ እሷ 2:45፣ 2:50 ትገባለች። አሻራ ማሽኗ በቀይ ትመዘግባታለች፣ ወር መጨረሻ ላይ ሊስቱ እኔ ጋ ይመጣል፣ እቆርጣለሁ። ስራዬ ነው፣ እቆርጣለሁ። የክፍል ኃላፊዋ የስራ አፈጻጸም ፎርሟ ላይ "ለስራዋ ያላት ተነሳሽነት ቀንሷል" ብለው ጻፉ። አነበብኩት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ሁለት ትራንስፖርት ቀይራ የምትመጣ ሰው ናት ተነሳሽነት የሌላት!

አዋጁ በቀን 8 ሰዓት ይላል እንጂ 2:30 ላይ ግቡ አይልም፣ መግቢያ ሰዓት የድርጅቱ ነው። መዝገብ ቤት ደግሞ በጠዋት የሚመጣ ባለጉዳይ የለውም። ልጅቷ 3 ሰዓት ገብታ በግማሽ ሰዓት ዘግይታ እንድትወጣ የሚል ደብዳቤ ጻፈች፣ እኔም ሐሳቡን ደግፌ ጻፍኩ። አራት ወር ፈጀ። አራት ወር ሙሉ አንድ ፊርማ። በመጨረሻ ሲፈቀድ ምንም ብር አልወጣም፣ ማሽኗ ላይ አንድ ቁጥር ነው የተቀየረው። አሁን 2:50 ላይ ገብታ ሻይ ትጠጣለች። ማናጀሩ ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም የዘገየው፣ ጥሩ ሰው ናቸው፣ ልጄ ስትታመም መኪናቸውን ሰጥተውኛል፣ ግን እንዲህ አይነት ነገር ላይ የመወሰን ስልጣን የማን እንደሆነ እሳቸውም አያውቁትም ነበር፣ ወረቀቷ ከኤችአር ወደ አስተዳደር፣ ከአስተዳደር ወደ ኤችአር ስትመላለስ ነው የከረመችው። ስለዚህ "ማናጀሩን ነው የሚለቁት" ስንል የሚቀጥለው ስልጠና ለማናጀሮች ይሆንና አሰራሩ እንዳለ ይቀራል።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው እዚሁ ነጥብ ውስጥ "የዛሬ ወጣት ትዕግስት የለውም፣ በየ6 ወሩ ይቀይራል" የምትል ነገር ወርውረው አልፈዋል። የሙከራ ጊዜ በሕግ 60 የስራ ቀን ነው፣ እኛ ጋ ግን ልጆቹ ለስድስት ወር ይቀጠሩና ይታደስላቸዋል፣ እንደገና ስድስት ወር። በስድስት ወር ውል የቀጠርከው ልጅ በስድስት ወሩ ቢሄድ ትዕግስት አጣ ይባላል እንዴ? ውሉን እኮ ነው ያከበረው።

የመጨረሻው ነጥብ አስተያየት ሰብስቡ የሚል ነው፣ "ስም የማይጻፍበት ሳጥን ያስቀምጡ፣ ሰራተኛው የልቡን ይነግርዎታል"። እኛ አለን። ኮሪደሩ ላይ፣ ከውሃ ማሽኑ ጎን፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሳጥን፣ ቁልፍ ያለው። ቁልፉን የያዘችው የኤችአር ልጅ ነበረች፣ እሷ ከለቀቀች ሁለት ዓመት ሆኗታል፣ ክሊራንሷን እኔ ነኝ የፈረምኩት፣ ላፕቶፕ አስረክባለች፣ መታወቂያ አስረክባለች፣ የሳጥን ቁልፍ የሚል መስመር ፎርሙ ላይ የለም። ባለፈው ወር ኮሪደሩ ቀለም ሲቀባ ሳጥኑ መነሳት ነበረበትና ቀለም ቀቢው በመፍቻ ሰበረው። አራት ወረቀት ወጣ። ሁለቱ የሴቶች ሽንት ቤት በር ከውስጥ አይቆለፍም ይላሉ፣ አንዱ ኦቨርታይም ፔይስሊፕ ላይ ለብቻው ይጻፍልን ይላል፣ አንዱ ደግሞ በጥሩ እጅ ጽሕፈት "ይህ ሳጥን የሚከፈተው መቼ ነው?" ይላል።

ኦቨርታይሙን ለብቻው መጻፍ የኔ ስራ ስለሆነ በዚህ ወር ፔይስሊፕ ላይ አንድ ረድፍ ጨምሬዋለሁ። ሽንት ቤቱን ለጽዳትና ጥገና ክፍል በጽሑፍ አሳውቄያለሁ፣ እስከዛሬ ግን አንዳችን ስንገባ ሌላኛችን በሩን ይዘን እንቆማለን።